መንታ ጉጥ

ወርቅነሽ ላምቤቦ ከታላቅ ወንድሟ ጋር በአማርኛ ነበር የምትነጋገረው። ይሄን የሰማ የሌላ አገር ሰው «ታዲያ ምን አለበት?» ይል ይሆናል። የሆሳዕና ሰው ግን ነገሩ ይገባዋል። ሁለቱም ሌሞ ገጠር፣ አንድ ጣሪያ ሥር፣ በሀዲይሳ አፋቸውን የፈቱ ናቸው። አማርኛ የቢሮ ነው፤ የማኅተምና የደብዳቤ ነው። እሷ ደግሞ ይሄ አልበቃ ብሏት «እርስዎ» ጨመረችበት። ድሮ «ጋሼ» ትለው የነበረውን ሰው፣ እሑድ እሑድ ቸርች በር ላይ ስታገኘው «አቶ ሀብቴ፣ እንደምን አደሩ» ብላው ታልፋለች። ብትሰድበው ይሻለው ነበር። ስድብ እንኳ መልስ አለው።

አስራ አምስት ዓመት እንዲህ ዘለቁ። ሰባኪው «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» እያለ ዓይኑን ወደ እሷ ወንበር ሲወረውር፣ ምን ገዷት! መዝሙሩን ከሁሉ አስበልጣ ትዘምራለች፣ ቂሟን እንደያዘች ወደ ቤቷ ትገባለች። ሀብቴ ጭራሽ የቸርች ሽማግሌ ሆኖ የሰው ባልና ሚስት ሲያስታርቅ ይውል ጀመር። የገዛ እህቱ ግን እንደ ቀበሌ ጸሐፊ ሰላም ትለዋለች። ሰው በዚህ ስንት ቀን ሳቀበት መሰላችሁ!

የቂሙ ነገር እንዲህ ነው። አባታቸው አቶ ላምቤቦ ሌሞ ውስጥ ትልቅ የሣር ቤት ነበራቸው። መሐሉ ላይ ጣሪያውን የተሸከመ አንድ ምሰሶ ቆሟል፤ ጥድ ነው። ተራ ጥድ እንዳይመስላችሁ። የእናታቸው የወይዘሮ ትርፊት አባት «ልጄን ምሰሶው ጥድ ላልሆነ ቤት አልሰጥም» ብለው ነበርና፣ አቶ ላምቤቦ በዚያ ድህነታቸው ከየትም ከየትም ብለው ጥድ አቁመው ነው ያገቧት። ዘመድ ሁሉ ይሄን ታሪክ ያወራል። ከሁሉ ይበልጥ የሚያወሩት የእናቷ ወንድም አቶ ጠና ነበሩ። አናጺ ናቸው፣ እንጨት አዋቂ፤ ወርቅነሽ ደግሞ ነፍሷ እሳቸው ናቸው፤ የሰማችውን ሁሉ ሄዳ የምትነግራቸው ለእሳቸው ነው። በየድግሱ «ያ ቤት የፈረሰ ቀን ጥዱ የኛ ነው! አባቴ ያስቆመው ነው፣ እኔው በእጄ አገላብጬ አየዋለሁ» ይሉ ነበር።

አቶ ላምቤቦ በ2002 ዓ.ም. ሞቱ። ከቀብሩ በሦስተኛው ሳምንት ወርቅነሽ በጋሪ ተሳፍራ አባቷ ግቢ ብትደርስ፣ ቤቱ የለም። ሣሩ ተቆልሏል፣ ግድግዳው ተንዷል፣ ሀብቴ የጡብ ማቃጠያ ምድጃ አጠገብ ቆሞ እሳት ይቆሰቁሳል።

«ምሰሶውስ?» አለችው።

በአገጩ ወደ ምድጃው አሳያት።

ጉድ እኮ ነው! የአባቷ ጥድ ለጡብ ማገዶ! «ለምን?» ብላ ጮኸች። «ቆርቆሮ ቤት ልሠራ ነው፣ ጡብ አስፈለገኝ» አላት። ሌላ ቃል አልጨመረም። አቶ ጠና በማግስቱ ሰምተው መጥተው አመዱ ላይ ቆመው ረገሙት። አማርኛው የተጀመረው ያን ጊዜ ነው።

አሁን ስለ ሥራዋ ልንገራችሁ፤ ያለሱ ነገሩ አይገባም። ወርቅነሽ ሠላሳ ዓመት ሥነ ጥበብና እጅ ሥራ ያስተማረች መምህርት ናት። የትምህርት ቤቱን የመርጃ መሣሪያ ክፍል የያዘችው እሷ ነበረች። ክፍሉ ውስጥ ካርቶን አለ፣ ሙጫ አለ፣ የግድግዳ ቀለም ትራፊ አለ፤ እንጨት ግን የለም። እሷም ካርቶኑን እንጨት ማስመሰል ተማረች። ማንም አላስተማራትም። ቁጭ ብላ የጠረጴዛ እግር፣ የአጥር ግንድ፣ የበር ሳንቃ ስታይ ትውል ነበር። አንድ ጊዜ ሱፐርቫይዘር መጣና ከካርቶን የሠራችውን ክንድ የማትሞላ በር አይቶ «ይሄን የቀረጸው የትኛው አናጺ ነው?» ብሎ በጣቱ አንኳኳው። ጣቱ ቀዶት ገባ። የሦስት ቀን ሥራዋ ተበላሽቶ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሏት ዋለች።

አሠራሯ ይሄ ነው። መጀመሪያ ገረጣ ያለ ቀለም ትቀባለች፤ ለጥድ ቀላ ያለውን፣ ለዋንዛ ወደ ቢጫ የሚሄደውን። ሲደርቅ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ ፀጉሩን አሳጥራ ቆርጣ፣ ጠቆር ያለ ቀለም አስነክታ፣ ቀለሙን መልሳ በጨርቅ ትጠርገዋለች። ብሩሹ ደረቅ ሊባል ትንሽ ሲቀረው ከላይ ወደ ታች ትጎትተዋለች፤ የእንጨቱ መስመር ይወጣል። ስንጥቁን በመርፌ ትጭራለች። መጨረሻ ላይ በውሃ የቀጠነ ቡኒ ታለብስና ሁሉንም ታስማማዋለች። ቤቱ ሲያንስ መስመሩም አብሮ ማነስ አለበት። ይሄን የሳተ ተማሪ ወዮለት! «ምንድን ነው ይሄ? ምሰሶ ነው የሜዳ አህያ?» ብላ ክፍሉን ታስቅበታለች።

ከሁሉ የባሰ የምትቆጣው ግን በጉጥ ነው፤ ቅርንጫፍ ወጥቶበት የነበረው ክብ ጠባሳ ማለት ነው። ልጅ አንድ ጉጥ ከሳለ፣ አምሮለት ያንኑ ደግሞ ከሳለ፣ ሥራውን ከእጁ ነጥቃ ትቀደዋለች። «እግዚአብሔር ጉጥ አይደግምም! ሁለት አንድ ዓይነት ጉጥ ካያችሁ የሰው እጅ አለበት» ትላለች። እናት መጥታ ብትከሳትም አትመለስም። ክፉ አስተማሪ ነበረች፤ እውነቱን ለመናገር፣ እጃቸውን ያፍታታችላቸው ተማሪዎች ግን ብዙ ናቸው።

ጡረታ ከወጣች በኋላ ዘንድሮ የከተማው የባህል አዳራሽ የጥንት ቤቶችን በትንሹ እንድትሠራ ለመናት። «አንድ ቤት ብቻ ነው የምሠራው» አለች። የትኛውን እንደሆነ ጠይቁኝ! ሁለት ወር ተቀምጣ የአባቷን ቤት ሠራች። ግድግዳው ካርቶን፣ ወጋግራው የመጥረጊያ ስንጥር፣ ምሰሶው ደግሞ ቀለም የጨረሰ የእስክሪብቶ ቀፎ። ጣሪያውን ግማሹን ክፍት ተወችው፤ ሰው ምሰሶውን ይይላት። ያን ቀፎ ዓይኗን ጨፍና እያስታወሰች፣ ገልጣ እየቀባች፣ ልክ ሕፃን ሆና ጀርባዋን ታስደግፍበት የነበረውን ጥድ አደረገችው።

እና መግለጫ ወረቀት ጻፈች። እንዲህ ይላል፦ «የአቶ ላምቤቦ ቤት፣ ሌሞ። ምሰሶው የጥድ። በ2002 ዓ.ም. በልጃቸው በሀብቴ ላምቤቦ ፈርሶ፣ ምሰሶው ለጡብ ማገዶ ሆነ።» አዳራሹን የምታስተዳድረው ዮርዳኖስ አንብባ ፊቷ ተለወጠ።

«ቲቸር፣ የመጨረሻዋን መስመር ብንተዋትስ?»

«ውሸት ነው?»

«ውሸት አይደለም፤ ግን ወንድምሽ…»

«ውሸት ካልሆነ ይለጠፋል። ካልተለጠፈ ቤቱን ይዤ እሄዳለሁ።»

ምን ታድርግ? ምረቃው ሐሙስ ነው፣ የክብር እንግዳው አቶ ጠና ናቸው፣ ጥሪው ተበትኗል። ዮርዳኖስ እሺ አለች። ተማሪ በሰልፍ እየመጣ የሀብቴን ስም ሊያነብ ነው። የሰማንያ ሦስት ዓመቱ አቶ ጠናም ወሬውን ሰምተው «ይሄን ሳላይ አልሞትም!» አሉ።

ሆሳዕና ላይ ወሬ እግር አያጣም። ረቡዕ ከሰዓት፣ ዝናብ እየጣለ፣ ሀብቴ በአስራ አምስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ የእህቱን ደጅ ረገጠ። እግሩ ጭቃ፣ ኮቱ ውሃ። በሩን ከፈተችና አየችው። «ይግቡ» አላለችውም። ለውሻ የማይነፈገውን ደረቅ ቦታ ነፈገችው።

«ስለ ወረቀቱ ሰማሁ» አለ በሀዲይሳ።

«ነገ ያነቡታል» አለች በአማርኛ።

«ስሜን አውጪው፣ ወርቅነሽ።»

«ቤቱን ያፈረሰው ሌላ ሰው ነው? ይንገሩኝና ላርመው።»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ምን ያሳፍርዎታል? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። የእርስዎ ትንሽ ዘገየ እንጂ።»

«የሰው ቤት የማስታርቅ ሰው ነኝ። ነገ ማን ፊት እቆማለሁ? ልጆቼስ?»

«ጡብዎ ፊት ይቁሙ!» አለችና በሩን ልትዘጋ ስትል፣ የሀብቴ ዓይን ከትከሻዋ በላይ ጠረጴዛው ላይ አረፈ። ቤቱን አየው። ሳያስፈቅድ ገፍቷት ገባ።

«እንዳይነኩት!»

አልነካውም። ከኮት ኪሱ መነጽሩን አወጣ፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፣ አጎነበሰ። ምሰሶውን ከላይ እስከ ታች አየው። ከዚያ ሳቀ፤ ደስ የማይል ሳቅ።

«ይሄን ከምን አይተሽ ሠራሽ?»

«ከጭንቅላቴ። እኔ አባቴን አልረሳም፤ እንደ ሌላው አይደለሁም።»

«ጉጦቹን እዪያቸው።»

«ምን ሆኑ?»

«እዪያቸው ነው የምልሽ!»

አየች። ሁለት ናቸው፤ አንዱ በሕፃን ቁመት ልክ፣ አንዱ ከፍ ብሎ። ሁለቱም መሐላቸው ላይ ትንሽ ነጥብ አላቸው። የላይኛው ክብ በግራ በኩል ትንሽ ጎደል ብሏል። የታችኛውም በግራ በኩል፣ በዚያው ልክ፣ ጎደል ብሏል። ወርቅነሽ ጎንበስ ብላ ቀና አለች፣ ደግማ ጎንበስ አለች። ሠላሳ ዓመት የልጅ ሥራ ስትቀድበት የኖረችውን ስህተት በገዛ እጇ ሠርታዋለች።

«እንዲህ ነበር» አለች። «አልተሳሳትኩም። እንዲሁ ነበር!»

«እንዲሁ ነበር» አለ ሀብቴ። «አንቺማ አንዲት ነገር አልሳትሽም። ጥድ እንዲህ መንታ ያወጣል? አንቺ ነሽ የምታውቂው።»

ጣቷን ወደ ታችኛው ጉጥ ሰደደች።

«የበቆሎ ቆረቆንዳ ነው» አላት። «አባዬ ቆረቆንዳ ቆርጦ፣ ጥላሸት እየነከረ እንደ ማኅተም መታበት። ሁለቴ። የቆረቆንዳው ጠርዝ ተሸርፎ ነበር። ምሰሶው ባሕር ዛፍ ነው፣ ወርቅነሽ። ጥድ የሚገዛበት ከየት አምጥቶ? ባሕር ዛፍ ላጠ፣ ቀይ አፈርና ጥላሸት በቅቤ ለውሶ ቀባ፣ በሚዶ መስመር አወጣለት። እማዬን ያገባት በዚያ ነው፤ የቤቱ ጨለማና ጭስ ከጠና ዓይን ሸፈነለት።»

«አንተ ውሸታም!» ብላ ጮኸች። በሀዲይሳ ነው የጮኸችው። እሷ አላስተዋለችም፤ እሱ ግን አስተዋለና ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ለቅሶ ላይ ተቀምጬ ምሰሶው ሥር ብናኝ አየሁ፤ ምስጥ ነው። ምስጥ ጥድ አይበላም። በቢላ ብፍቀው ውስጡ ነጭ። እማዬን ጠየቅኳት፤ እግሬ ላይ ወደቀች። መስቀል በመጣ ቁጥር ምሰሶውን ቅቤ ስትቀባ ምን ይመስልሽ ነበር? ቡራኬ? ቀለሙን ነበር የምታድሰው። ‹ጠና ሳያየው አጥፋልኝ፤ ወንድሞቼ አባታችንን አታለለው ብለው መቃብሩ ላይ እንዳይተፉበት› አለችኝ። አጠፋሁት። ኖኅ ራቁቱን ሲተኛ ልጆቹ ወደ ኋላ ሄደው አልሸፈኑትም? እኔም የአባቴን ገመና ሸፈንኩ። የነበረኝ መሸፈኛ እሳት ነው።»

«እኔን ለምን አልነገርከኝም?»

«‹ለወርቅነሽ መንገር ለጠና መንገር ነው› ብላ እማዬ አስማለችኝ። ውሸቷን ነው?»

አዎ፣ ትነግራቸው ነበር። ያን ጊዜ ብትሰማ በማግስቱ አጎቷ ጉልበት ሥር ቁጭ ብላ እያለቀሰች ትዘረግፈው ነበር። ግን እሷን የያዛት ሌላ ነገር ነው።

«እማዬ ልትሞት ስትል እጄን ይዛ ‹ወንድምሽን ይቅር በይልኝ› አለችኝ» አለች። «‹አልልም› አልኳት። ሦስት ጊዜ ለመነችኝ፣ ሦስት ጊዜ ‹አልልም› አልኳት፤ እንዳልኳት ሞተች! አንተ አልጋው እግርጌ ቆመህ ነበር። ቆመህ ትሰማ ነበር! ያን ጊዜ እንኳ፣ ያን ጊዜ እንኳ አንዲት ቃል…»

«መሐላ ነው።»

«መሐላህን ይዘህ ገደል ግባ!» ቀለም የጠጣውን ጨርቅ አንስታ ፊቱ ላይ ወረወረችው። «እናቴን አስከፍተህ አስቀበርከኝ! በጥድ አይደለም የጠላሁህ አሁን፣ በዚህ ነው! ውጣልኝ!»

ወጣ። ጉንጩ ላይ ቡኒ ቀለም እንደተለደፈበት፣ ዝናቡ ውስጥ ገባ። ስለ ወረቀቱ ዳግመኛ አልጠየቃትም።

ሐሙስ ጠዋት ጎህ ሲቀድ ወርቅነሽ ጠረጴዛዋ ፊት ተቀመጠች። አቶ ጠና ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ቢሆንም የእንጨት ነገር ላይ ዓይናቸው አይስትም። ሁለቱን ጉጦች ባዩ በደቂቃ ውስጥ «ይሄ የሰው እጅ ነው» ይላሉ፤ ቀጥሎም ወርቅነሽ ምንም እንደማትስት ስለሚያውቁ፣ ነገሩን መልሰው መላልሰው ይደርሱበታል። የአባቷ ማታለል በገዛ ልጃቸው እጅ ሊዘረገፍ ነው። የታችኛውን ጉጥ በመርፌ ፈቀችው። ቦታው ላይ ጠፍጣፋ፣ አንድ ጎኑ የተሰነጠቀ፣ መስመሩ በዙሪያው የሚታጠፍ ሌላ ጉጥ ሳለች። ሁለት ጊዜ አበላሸችው። በሦስተኛው ያዘላት። ከዚያ ወረቀቱን አነሳችና የመጨረሻዋን መስመር በመቀስ ቆርጣ ጣለቻት።

አዳራሹ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ሞላ። ከዱራሜ የመጣ አለ፣ ከጃጁራ የመጣ አለ። አቶ ጠና አንድ እጃቸውን ከዘራቸው ላይ፣ ሌላውን ወርቅነሽ ትከሻ ላይ አድርገው ገቡ። ሀብቴ ከኋላ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ ሰው ከአጠገቡ ራቅ ራቅ ብሏል። ሽማግሌው ትንሿ ቤት ላይ አጎነበሱ። ምሰሶውን አዩ። ቆዩ።

«ጥድ!» አሉ አቶ ጠና። «ይሄ ነው! የአባቴ ጥድ ይሄ ነው!»

ሰው አጨበጨበ። ሽማግሌው ግን አልጨረሱም። ዮርዳኖስ ወረቀቱን እንድታነብላቸው አዘዙ። አነበበች።

«ሌላው የታለ? ያቃጠለው ሰውዬ ስሙ የታለ?» ዞር ብለው ሀብቴን አዩት፣ ከዘራቸውን ቀሰሩበት። «ይኸው ቆሞላችኋል! የአባቱን ምሰሶ የበላ ምስጥ! ቸርች ውስጥ ሽማግሌ ነኝ ይላል! ወርቅነሽ፣ ንገሪያቸው። ወረቀቱ ቢፈራ አንቺ አትፈሪም። ይሄ ሰው ምን እንዳደረገ በአፍሽ ንገሪያቸው!»

ወርቅነሽ ወንድሟን አየችው። ሀብቴ ራሱን ዝቅ ከፍ አደረገላት፤ ተናገሪ ማለቱ ነው። ለምዶታል። አስራ አምስት ዓመት የተሸከመው ነው፣ ሌላም አስራ አምስት ሊሸከም ይችላል። እናቷ ሦስት ጊዜ የለመነቻት ግን ታወሳት።

«እኔ ነኝ፣ አጎቴ» አለች።

«ምን?»

«አፍርሰው ያልኩት እኔ ነኝ። አቃጥለው ያልኩትም እኔ ነኝ። የሣር ቤት አሳፈረኝ፤ መምህርት ነኝ፣ ቆርቆሮ ፈለግሁ። ሰው ሲቆጣ ፈራሁና በእሱ አላከክሁ።»

ሀብቴ አፉን ከፈተ። መሐላው ትዝ አለው መሰለኝ፣ መልሶ ዘጋው።

አቶ ጠና እጃቸውን ከትከሻዋ ላይ አነሱ። ከጋለ ብረት ድስት ላይ እንደሚያነሱ ነው ያነሱት። «አንቺ ነሽ?» አሉ። «አመዱ ላይ ቆሜ ስረግመው አጠገቤ ቆመሽ ‹አሜን› ስትይ የነበርሽው አንቺ? አስራ አምስት ዓመት የወንድምሽን ሥጋ አስበላሽኝ?» ከዚያ ወደ ሀብቴ ሄዱና፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ሰማንያ ሦስት ዓመት የሞላቸው ሰውዬ ጎንበስ ብለው ጉልበቱን ያዙ። ይቅርታ ጠየቁት። ሀብቴ እያለቀሰ አነሳቸው። ሰውም አለቀሰ። ወርቅነሽ ብቻዋን ትንሿ ቤቷ አጠገብ ቆማ ቀረች፤ ሴቶቹ ሲያልፉ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ነው ያለፉት። እዚያው በር ላይ ያልተባለ ነገር የለም። «እባብ!» አሏት።

አቶ ጠና ዘንድሮ ግንቦት ላይ አረፉ። ከዚያ ቀን ወዲህ አንዲት ቃል አልተነፈሱላትም፤ ሲሞቱም «ያቺ ሴት ድንኳኔ እንዳትገባ» ብለው ነው የሞቱት። ወርቅነሽ ለቅሶ ሄደች። ልጆቻቸው በር ላይ መለሷት። ጋሪዎቹ ከቆሙበት አጠገብ፣ ውጭ ቆማ አጎቷን ስታለቅስ ዋለች። ሀብቴን ግን እጁን ይዘው አስገብተው ከፊት ወንበር ላይ አስቀመጡት።